በገዛ አገሩ ባዕድ የሆነ ድምፅ

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ለዳኛና ለባለጉዳይ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሰው አፉን በከፈተ ቅጽበት አድማጩ የትውልድ ስፍራውን፣ አስተዳደጉን፣ የትምህርቱን ደረጃና የኑሮውን ሁኔታ ይገምታል፤ ገምቶም ይፈርዳል። ይህን የጆሮ ፍርድ ለበጎም ለክፉም ሲጠቀሙበት የኖሩት የመድረክ፣ የሬዲዮና የፊልም ሙያተኞች ነበሩ። ዛሬ ግን አንዱን ታሪክ አርባና ሃምሳ ሰዓት የሚያስደምጥ፣ ተመልካቹንም ከወንበሩ አንሥቶ የድርጊቱ ተካፋይ የሚያደርግ ሌላ የጥበብ ዘርፍ ተጨምሯል። እሱም የቪዲዮ ጨዋታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። በጨዋታ ውስጥ ያለ የአንድ ገጸ ባሕርይ ቅላጼ ሊወሰን የሚገባው ገጸ ባሕርዩ በሚኖርበት ዓለም ውስጥ ከጎረቤቱ፣ ከጌታውና ከጠላቱ ጋር ባለው ዝምድና ነው። ጨዋታውን በሎንዶን ወይም በኒው ዮርክ ከሚገዛው ሰው ጆሮ ባለው ርቀት ሊወሰን አይገባም። ይህ መመሪያ ሲጣስ ተጫዋቹ ከተመስጦው ይነቃል፤ ከዚያም የባሰው፣ አንድ ሕዝብ በገዛ አገሩና በገዛ ቤቱ እንደ ባዕድ ሲናገር ይደመጣል።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ሕፃናት ለሚሻሙበት መሣሪያ ሂስ መጻፍ ከቁም ነገር አይቆጠርም» የሚሉ ወገኖች መኖራቸው አይካድም። ከእነዚህ ጋር ረጅም ክርክር መግጠም አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። የተናቀው ፊልም ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ይጠናል፤ በመንግሥት በጀትም ይደገፋል። በአዲስ ጥበብ ላይ ዐይንን መጨፈን ጥበቡን አያስቀረውም፤ ያለ ሐያሲ እንዲያድግ ብቻ ያደርገዋል።

ጆሮ በዚህ ጥበብ ለምን ይበረታል?

የቪዲዮ ጨዋታ ለብዙ ዓመታት ዲዳ ነበር፤ የሚናገረውም በጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው «በርዘርክ» የተባለው የመጫወቻ አዳራሽ ጨዋታ በማሽን የተቀነባበሩ ጥቂት ቃላትን ማሰማቱ ራሱ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። በ1990ዎቹ የኮምፓክት ዲስክ መምጣት የማከማቻውን ቦታ ሲያሰፋ የሰው ድምፅ በገፍ ገባ። ድምፁ ቢገባም ሙያው አብሮት አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓኑ ካፕኮም ያወጣው «ሬዚደንት ኢቭል» በጃፓን የሚኖሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ሰብስቦ ድምፃቸውን ቀረጸ። ውጤቱም አስፈሪ ሊሆን የታሰበውን ታሪክ የሳቅ ምንጭ አደረገው። ጨዋታው በ2002 እንደ ገና ሲሠራ ድምፁ በሌሎች ተዋንያን ተተካ። ከዚያ ወዲህ ሙያው በእጅጉ አድጓል። ይሁን እንጂ የትወናው ጉድለት ሲታረም የቅላጼው ጉድለት ሳይታረም ቀርቷል፤ ምክንያቱም ብዙዎች ጉድለት መሆኑን አልተቀበሉትም።

የቅላጼ ስሕተት ከመድረክ ይልቅ በጨዋታ የሚጎዳባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ድግግሞሽ ነው። በመድረክ ላይ የተበላሸ አንድ ቃል ከመጋረጃው ጋር ያልፋል። በጨዋታ ግን በር የሚጠብቅ ወታደር፣ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ በገበያ የሚያልፍ መንገደኛ የተሰጡትን ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ተጫዋቹ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይደግማቸዋል። አንድ የተሳሳተ ቅላጼ መቶ ጊዜ ይሰማል፤ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር በየእርምጃው ይቆረቁራል።

ሁለተኛው ምክንያት ተጫዋቹ ተመልካች ብቻ አለመሆኑ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚያራምደው፣ የሚያስሮጠውና የሚያዋጋው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህም የገጸ ባሕርዩ ድምፅ በከፊል የተጫዋቹ ድምፅ ይሆናል። በፊልም ውስጥ ያለ ሰው ሐሰተኛ ቅላጼ ሲያሰማ «ተዋናዩ አልቻለበትም» ብለን እናልፋለን። በጨዋታ ግን ሐሰቱ ከራሳችን አፍ የወጣ ያህል ያሳፍራል።

ሦስተኛው ምክንያት ዐይን ሥራ የበዛበት መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ፈረስ እየጋለበ፣ ጎራዴ እየመከተ፣ ካርታ እያየ የግርጌ ጽሑፍ ለማንበብ ፋታ የለውም። ወዳጁን ከጠላቱ፣ የአገሩን ሰው ከእንግዳው የሚለየው በአብዛኛው በጆሮው ነው። ጆሮ መሪ በሆነበት ስፍራ ጆሮን ማሳሳት መንገደኛን በጨለማ መተው ነው።

ቅላጼ እንደ ቅመም

የምዕራቡ የጨዋታ ኢንዱስትሪ ቅላጼን ብዙ ጊዜ እንደ ቅመም ይጠቀምበታል። ታሪኩ በኢጣሊያ የሚካሄድ ከሆነ በእንግሊዝኛው ላይ ጥቂት ኢጣሊያዊ ቅላጼ ይነሰነሳል፤ በሩሲያ ከሆነም ሩሲያዊው ይነሰነሳል። ይህን የሚያደርጉት ወገኖች መከራከሪያቸው «ቅላጼው ተጫዋቹን በስፍራው ያኖረዋል፤ የት እንዳለ ያስታውሰዋል» የሚል ነው። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሚያሳምን ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ዩቢሶፍት ያወጣውን «አሳሲንስ ክሪድ 2»ን እንመልከት። ታሪኩ የሚጀምረው በ15ኛው መቶ ዘመን በፍሎሬንስ ከተማ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤዚዮ አውዲቶሬ የከተማው የተከበረ ቤተሰብ ልጅ ነው። ከእናቱና ከአባቱ ጋር ሲነጋገር ግን በኢጣሊያዊ ቅላጼ በተቃኘ እንግሊዝኛ፣ መሐል መሐል ላይም የኢጣሊያንኛ ቃል ጣል እያደረገ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ባዕዱ ማን ነው? ልጅ ለእናቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር እናትየው በልጇ አፍ ላይ የውጭ አገር ሰው ቅላጼ አትሰማም። ያን ቅላጼ የሚሰማው ሦስተኛ ሰው ነው፤ ያ ሦስተኛ ሰው ደግሞ በፍሎሬንስ ሳይሆን በገዢው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ ሲሆን ኤዚዮ እናቱን አያነጋግርም፤ በእናቱ ፊት ቆሞ ለሩቅ እንግዳ ራሱን ያስጎበኛል።

በ2010 የወጣው «ሜትሮ 2033»ም እንዲሁ ነው። ጨዋታውን የሠራው የዩክሬን ስቱዲዮ ሲሆን፣ ታሪኩ ከኑክሌር እልቂት ተርፈው በሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች ስለ ተጠለሉ ሰዎች ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው በሩሲያዊ ቅላጼ ያወራሉ። አብረው ያደጉ፣ አብረው የተራቡ ጎረቤታሞች ትናንት ከባቡር እንደ ወረዱ ስደተኞች ቋንቋ እየሰበሩ ሲነጋገሩ መስማት የታሪኩን ሐዘን ያቀላል። ሩሲያኛ የማያውቁ ብዙ ተጫዋቾች ሳይቀሩ የሩሲያኛውን ድምፅ መርጠው የግርጌ ጽሑፍ ማንበብን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ማለት እንግሊዝኛው ያለ ምንም ቅላጼ ይነገር ማለት አይደለም። ቅላጼ የሌለው እንግሊዝኛ የለም፤ ቅላጼ የሌለው አማርኛ እንደሌለ ሁሉ። «ቅላጼ የለውም» የምንለው አነጋገር ሥልጣንና ገንዘብ ያለው ወገን አነጋገር ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በ2014 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» ነው። ጨዋታው የፈረንሳይን አብዮት ይዘክራል፤ ዩቢሶፍት የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ሥራውን የመራው ስቱዲዮም ፈረንሳይኛ በሚነገርባት በሞንትሪያል ከተማ ይገኛል። ሆኖም በእንግሊዝኛው ቅጂ የፓሪስ ሰዎች የተናገሩት በብሪታንያ ቅላጼ ነበር። በዚያው ዓመት ፖለቲከኛው ዣን ሉክ ሜላንሾን ጨዋታው አብዮተኛውን ሕዝብና ሮቤስፒየርን በክፉ ገጽታ አቅርቧል ብሎ በአደባባይ ሲቃወም፣ ብዙ ተጫዋቾች ደግሞ «ፓሪሳውያን ስለምን እንደ ሎንዶን ሰዎች ይናገራሉ?» ብለው ጠየቁ።

በዚህ ጉዳይ ከተጫዋቾቹ አቤቱታ ግማሹን ተቀብለን ግማሹን መመለስ ይኖርብናል። ፓሪሳዊው በሐሰተኛ የፈረንሳይ ቅላጼ እንዲናገር ጠይቀው ከሆነ ኤዚዮን ከጣለው ጉድጓድ ውስጥ ሊጥሉት ፈልገዋል። «ታሪካዊ የሆነ ሁሉ፣ ጥንታዊ የሆነ ሁሉ የብሪታንያ ድምፅ ይኖረዋል» የሚለውን የቆየ የመድረክና የፊልም ልማድ ተቃውመው ከሆነ ግን እውነት አላቸው። ይህ ልማድ እስከ ቶክዮ ደርሷል። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ በ2022 ያወጣው «ኤልደን ሪንግ» በጃፓን ለሚሸጠው ቅጂ ጭምር ድምፁን የቀረጸው በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን፣ የሚበዛውም የብሪታንያ ቅላጼ ነው። የጨዋታው ዓለም ፈጠራ ስለሆነ ማንም አልተበደለም ሊባል ይችላል። ግን የወደቀ ንጉሥና ያረጀ ግንብ ሲታሰብ የአንዲት ደሴት ድምፅ ብቻ በዓለሙ ሁሉ ጆሮ የሚያቃጭል ከሆነ፣ የሌሎቹ ሕዝቦች ነገሥታትና ግንቦች ድምፃቸውን ተነጥቀዋል ማለት ነው።

ቅመሙ ወደ መርዝነት የሚለወጠው ቅላጼ የባሕርይ መለያ ሲሆን ነው። በ2004 በተከፈተው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ውስጥ ድንኮቹ በስኮትላንድ ቅላጼ ይናገራሉ፤ «ትሮል» የተባሉት ዱርዬ መሰል ፍጡራን ደግሞ የካሪቢያን ደሴቶችን ሕዝብ አነጋገር እንዲይዙ ተደርገዋል። ደራሲው ትሮሎቹ አስማተኞችና የጫካ ነዋሪዎች መሆናቸውን በብዙ ቃል መግለጽ ነበረበት፤ ድካሙን የቀነሰለት በእውነት በምድር ላይ ያለ ሕዝብ አነጋገር ነው። አድማጩ ስለዚያ ሕዝብ አስቀድሞ የያዘውን ንቀት ተበድሮ ገጸ ባሕርይ ሠራበት። በኪነ ጥበብ ውስጥ እንዲህ ያለው ስንፍና ነው በደል የሚሆነው።

የቸልተኝነት ምሳሌም አለ። በ2005 የወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 4» አንድ አሜሪካዊ ወኪል ወደ ስፔን ገጠር ሲገባ ያሳያል። መንደርተኞቹ እሱ በማያውቀው ቋንቋ መጮሃቸው ተገቢ ነው፤ ባዕድነቱ ከታሪኩ የመነጨ ነውና። ነገር ግን የጮሁት የላቲን አሜሪካ በሆነ የስፓኝኛ ቅላጼ ነው። በ2009 የወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 5» ደግሞ ታሪኩን በምዕራብ አፍሪካ ባለች የፈጠራ ስፍራ አኑሮ ለነዋሪዎቹ የምሥራቅ አፍሪካን ቋንቋ ስዋሂሊን ሰጣቸው። ከዳካር እስከ ሞምባሳ ያለው ርቀት፣ በመካከሉም ያሉት ሕዝቦችና ቋንቋዎች ሁሉ በአንድ «አፍሪካዊ ድምፅ» ተጠቅልለው ተረሱ። ለካፕኮም ገበያ ይህ ስሕተት አልነበረም፤ የገዢው ጆሮ አይለየውምና። ሚዛኑ የገዢው ጆሮ ሲሆን ውጤቱ ይህን ይመስላል።

«ሁሉም በቋንቋው ይናገር» ለሚሉ

ከላይ የተባለውን ሁሉ ተቀብለው «እንግዲያውስ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገጸ ባሕርይ ሁሉ በአገሩ ቋንቋ ይናገር፤ የግርጌ ጽሑፍ ይከተለው» የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት በመንፈሱ ትክክል ነው፤ በቅርብ ዓመታት የታዩት እርምጃዎችም የሚያስደስቱ ናቸው። በ2023 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ሚራጅ» የ9ኛውን መቶ ዘመን ባግዳድ ሲያሳይ ሙሉ የዐረብኛ ድምፅ ቀርቦለታል። በ1989 የተጀመረው «ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ» በተከታታይነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የፋርስኛ ድምፅ ያገኘው በጥር 2024 በወጣው «ዘ ሎስት ክራውን» ነው። የፋርሱ መስፍን ፋርስኛ እስኪናገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀበት ማለት ነው። በ2007 የመጀመሪያው «ስቶከር» የሩሲያኛ ድምፅ ነበረው፤ ሁለተኛው ክፍል በኅዳር 2024 ሲወጣ የኪየቭ ሠሪዎቹ የሩሲያኛውን ድምፅ ትተው በዩክሬንኛ ቀረጹት። አገራቸው በጦርነት ውስጥ ሳለች የተደረገ ምርጫ ስለሆነ ቋንቋ በጨዋታ ውስጥ ጌጥ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ይሁን እንጂ መፍትሔው ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። አሜሪካኖች የሠሩት «ጎስት ኦቭ ሱሺማ» በ2020 ሲወጣ የጃፓንኛ ድምፅ ነበረው፤ የገጸ ባሕርያቱ ከንፈር ግን የሚንቀሳቀሰው ለእንግሊዝኛው ነበር። ጆሮ ጃፓንኛ ሲሰማ ዐይን እንግሊዝኛ ያያል። ከንፈሩ ከጃፓንኛው ጋር የተስማማው በነሐሴ 2021 በወጣው የተሻሻለ ቅጂ ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የተጠመደ ዐይን ችግርም አለ። በጦርነት መሐል የሚነገረውን ማንበብ የማይችል ተጫዋች ታሪኩን ግማሹን ያጣል። ማየት የተሳነው ወይም ማንበብ ያልቻለ ሰውማ ጭራሹን ከደጅ ይቀራል። የእናት ቋንቋን ማክበር ማለት የተርጓሚን ሥራ መናቅ መሆን የለበትም።

ስለሆነም መፍትሔው ከቋንቋው ምርጫ በፊት ያለ መርሕ ነው። ጨዋታው በማንኛውም ቋንቋ ይነገር፤ በታሪኩ ውስጥ የአገሩ ሰው የሆነ እንደ አገር ሰው ይናገር፤ እንግዳው እንደ እንግዳ፣ ደጋውና ቆላው፣ ቤተ መንግሥቱና መንደሩ እንደ ልዩነታቸው ይሰሙ። በ2015 የዋርሶው ሲዲ ፕሮጄክት ያወጣው «ዘ ዊቸር 3» በእንግሊዝኛው ቅጂ ይህን መርሕ በብዙ ቦታ ጠብቋል። የስኬሊጌ ደሴቶች ሰዎች የአየርላንድን ቅላጼ ሲይዙ የዋናው ምድር ገበሬዎች ሌላ ዓይነት ቅላጼ አላቸው። ተጫዋቹ ባሕሩን ተሻግሮ ደሴቱን ሲረግጥ ሌላ አገር መግባቱን በጆሮው ያውቃል። ከማንም ያልተወለደ የሚመስለው ተንከራታች ጌራልት ደግሞ በአሜሪካዊ ድምፅ ስለሚናገር በሄደበት ሁሉ ከሰዉ ይለያል፤ መለየቱም ከታሪኩ ጋር ይስማማል። እዚህ ላይ ቅላጼው የተበደረው ከአየርላንድ ቢሆንም የሚያገለግለው በደሴቱና በምድሩ መካከል ያለውን ዝምድና ነው።

ተዋናዩና ማሽኑ

ጥፋቱን ሁሉ በድምፅ ተዋናዩ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የመድረክ ተዋናይ ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ለሳምንታት ተለማምዶ ይቀርባል። የጨዋታ ድምፅ ተዋናይ ግን ብዙ ጊዜ በጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ ቅደም ተከተላቸው የተበታተነ ዐረፍተ ነገሮችን አንድ በአንድ ይናገራል። ማንን እንደሚያናግር፣ ያ ሰው ከየት እንደ መጣ፣ በምን ቅላጼ እንደሚመልስለት ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ባለ አሠራር የቅላጼ ስምምነት እንዲገኝ መጠበቅ ጭብጨባውን ሳይሰሙ እስክስታ እንደ ማስመታት ነው። ጉድለቱ የአዘጋጁና የጊዜ ሰሌዳው ነው።

በአሜሪካ የተዋንያኑ ማኅበር ሳግ-አፍትራ ከ2016 እስከ 2017፣ ቀጥሎም ከሐምሌ 2024 እስከ 2025 በጨዋታ ኩባንያዎች ላይ የሥራ ማቆም አድማ አድርጓል። የሁለተኛው አድማ ዋና ጥያቄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር፤ ድምፃችን ያለ ፈቃዳችንና ያለ ክፍያ በማሽን አይባዛ የሚል ነው። ማሽኑ በጎ አጠቃቀም የለውም ማለት አይደለም። የሲዲ ፕሮጄክት ሠሪዎች በ2021 ያረፈውን ፖላንዳዊ ተዋናይ የሚዎጎስት ሬቼክን ድምፅ፣ ቤተሰቦቹን አስፈቅደው፣ ሌላ ተዋናይ ከተናገረ በኋላ በማሽን በማዛመድ በ2023 በወጣው «ፋንተም ሊበርቲ» ውስጥ አሰምተዋል። ከትወናው በስተ ጀርባ ሰው አለ፤ ፈቃድም አለ። ከዚህ በተቃራኒ በዚያው ዓመት የወጣው «ዘ ፋይናልስ» ለአስተዋዋቂዎቹ ከጽሑፍ በማሽን የተፈበረከ ድምፅ መጠቀሙ የተዋንያንን ተቃውሞ አስነሥቷል።

ከቅላጼ አንጻር አደጋው ግልጽ ነው። ማሽን የሚማረው ብዙ ከተቀረጸው ነው። ብዙ የተቀረጸው የታላላቅ ከተሞች አነጋገር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ለብቻው ሲተው ወደ ብዙኃኑ ድምፅ ያዘነብላል፤ የመንደሩ፣ የሸለቆውና የደሴቱ አነጋገር እየሟሸሸ ይሄዳል። በቂ የድምፅ ክምችት የሌላቸው ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ይህን ከማንም በፊት ሊያጤኑት ይገባል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው አንባቢ ካለ አማርኛ ራሱ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ እንደሚሰማ ይወቅ። በ2015 በወጣው የ«ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» የአፍሪካ ክፍል ውስጥ የኢትዮጵያ ወታደሮችና ገበሬዎች በአማርኛ ይመልሳሉ። በ«ሲቪላይዜሽን» ተከታታይ ጨዋታ ደግሞ በ2012 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክ አማርኛ እየተናገሩ ቀርበዋል። ሠሪዎቹ ንጉሡን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አለማናገራቸው የሚመሰገን ነው፤ ከታሪክም ጋር ይስማማል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ ማወቃቸው ሳይከለክላቸው ንግግራቸውን ያሰሙት በአማርኛ ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ ግን ጆሮው ቀላል አይደለም። ጎጃሜውን ከጎንደሬው፣ ወሎዬውን ከመንዙ ሰው በአንድ ቃል የሚለይ ጆሮ በጨዋታው ውስጥ ያለውን ወታደር «የማን አገር ሰው ነህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የስፔን ተጫዋች በ2005 የተሰማውን እኛም የምናውቀው በዚህ ጊዜ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ አያቱን በተለየ ቅላጼ ቢያናግር ግን ማንም ሐሰት ነው አይልም። በዚያ ቤት ውስጥ ቅላጼው የስደቱን ታሪክ ይናገራል፤ አያትየዋም ትሰማዋለች። ኤዚዮና ይህ ልጅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የድምፅ ትወና ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አንድ ሰው ያለ ሥዕል፣ ያለ መብራት፣ ያለ አልባሳት ስንት ሰው ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ተመስጦ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ የጨዋታ ሠሪ ከዚያ ትረካ ይጀምር።

ይህን የመሰለ ቅርስ ይዘን ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ግን የገዛ መድረካችንን መመርመር ይገባናል። በቀልድ ሥራዎቻችን የገጠር ሰው አነጋገር የሞኝነት ምልክት ሆኖ የኖረው እስከ መቼ ነው? አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ወገናችን በዘበኛነት፣ በቤት ሠራተኝነት ወይም በአጭበርባሪነት ብቻ እየተሣለ፣ ቅላጼው ብቻውን ሳቅ እንዲያስነሣ ሲደረግ፣ ትሮሎቹን በካሪቢያን ቅላጼ ካናገረው ደራሲ በምን እንለያለን? ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ብዙ ወጣቶች በሙያው ሠልጥነዋል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ባለጸጋውም ድኻውም፣ የከተማውም የገጠሩም ሰው በአብዛኛው በአንድ ዓይነት የአዲስ አበባ አማርኛ ሲናገር፣ በዋናው ድራማ ውስጥ የነበረው የመደብና የአካባቢ ልዩነት ይጠፋል። አንዱ ወገን ቅላጼን ለማላገጫ ያውለዋል፤ ሌላው ጭራሹን ይደመስሰዋል። ሁለቱም ሰውን ከነምልአቱ አያሰሙም።

በአገራችን ወጣት ባለሙያዎች ዘንድ የጨዋታ ሥራ ተጀምሯል። ነገ ስለ አድዋ፣ ስለ ፋሲል ግንብ፣ ስለ ሐረር በሮች የሚናገሩ ጨዋታዎች ሲሠሩ ድምፃቸው ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። አንደኛ፣ የድርሰቱ ጸሐፊ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የየት ሰው እንደሆነና ከማን ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር በጽሑፉ ላይ ይወስን፤ ለተዋናዩ ግምት አይተው። ሁለተኛ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው በኦሮምኛ፣ ሐረሬው በሐረሪኛ፣ ትግራዋዩ በትግርኛ መናገር በሚችልበት ስፍራ ይናገር፤ ሁሉም በአማርኛ የሚቀርብ ከሆነም በቤቱ እንደ ባለቤት ይናገር እንጂ አማርኛው እንዲሰበር አይደረግ። ሦስተኛ፣ የቴአትርና የቋንቋ መምህራን የአነጋገር ዘዬዎችን ለተማሪዎቻቸው የማላገጫ ሳይሆን የጥናት ርእስ አድርገው ያስተምሩ፤ ድምፆቹም ተናጋሪዎቹ ፈቅደው ይቀረጹ። አራተኛ፣ ተዋናዩ ድምፁ በማሽን እንዲባዛ ሲጠየቅ ፈቃዱና ክፍያው በውል ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ከመቅረጫው ክፍል በፊት የሚነሣውን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው የሚናገረው ለማን ነው? አዘጋጁ ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ፣ በር ላይ ለቆመው ዘብ ሳይቀር፣ ሳይመልስ መቅረጽ የለበትም። ሐያሲውም ጨዋታውን ሲመዝን በመጀመሪያ ይህንኑ ይጠይቅ።